ሁላችንም የተከራየነው ቀሚስ

እህቴ ፓስፖርቷን ተቀብላ የመጣች ዕለት እኔ ክፍል ውስጥ ስለ ሥራ ፈጠራ እየተማርኩ ነበር። መምህራችን ሰሌዳው ላይ «ደንበኛችሁ ማን ነው?» ብሎ ጻፈና፣ ይህን ሳይመልስ ሱቅ የሚከፍት ሰው ሱቁን የሚከፍተው ለዝንብ ነው አለን። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ቤት ስደርስ እናቴ ምስር ትለቅማለች። ጠጠሩን ሳህኑ ውስጥ እየተወች ምስሩን ስትጥል አየሁና አንድ ነገር እንዳለ ገባኝ። ፓስፖርቱ አጠገቧ፣ ሳጥኑ ላይ ነበር።

«አሸንዳን አብሬያችሁ እውላለሁ» አለች እህቴ የስፌት መኪናዋን ጨርቅ እያለበሰች። «ከዚያ በኋላ እሄዳለሁ።»

የምትሄደው ዐረብ አገር ነው፤ ሰው ቤት ልትሠራ። እጇ ያረፈበት ጨርቅ ሁሉ ቀሚስ የሚሆንላት ሴት የሰው ወለል ልትወለውል ልትሄድ ነው። ተናደድኩ። የተናደድኩት በእሷ ይሁን በአገሩ ኢኮኖሚ ዛሬም በደንብ መለየት አልችልም፤ ብቻ ምሳዬን ሳልበላ ወጣሁ።

ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ የሦስተኛ ዓመት የማኔጅመንት ተማሪ ነኝ። ሒሳቡ አልገጥም ያለው ሰው ጦርነቱን ይደምርበት። አባታችን የመቐለ ሰው ነበር፤ ነፍሱን ይማር። እናታችን የደሴ ልጅ ናት። ስለዚህ ቤታችን ውስጥ የሚነገረው አማርኛ ነው፤ ከበር ስንወጣ ትግርኛ እንሆናለን። ታላቄን «እታለም» እላታለሁ፣ እሷ ደግሞ በትግርኛ «ሓወይ»፣ ወንድሜ፣ ትለኛለች፤ ማንም ግራ ገብቶት አያውቅም። ቤታችን መቐለ፣ ዓዲ ሓቂ ሰፈር ነው። የዩኒቨርሲቲውን ግቢ የከበቡት ተማሪ የሚከራያቸው ክፍሎች ናቸው፣ እህቴም ወደ መንገዱ በምትከፈተው ክፍላችን ትሰፋ ነበር። ከጦርነቱ በፊት በዓል ሲቃረብ በሯ ላይ ወረፋ ነበረ። ከጦርነቱ በኋላ መኪናዋ ተርፋ ወረፋው ቀረ።

ወረፋው ለምን እንደቀረ ለማስረዳት ማኔጅመንት መማር አያስፈልግም። ዶላሩ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ የጥልፍ ክር ዋጋ በየሄድንበት ጊዜ ሌላ ነው፤ ጨርቁም እንደዚያው። ሰው ኑሮ ሲከብደው ጤፉን አይተውም፣ የቤት ኪራዩን አይተውም፤ ቀድሞ የሚተወው ልብስ ማሰፋትን ነው። ክፍል ውስጥ ይህን በሥዕል እያሳዩ፣ መስመሩ ወደ ታች ሲወርድ በበትር እየጠቆሙ ያስተምሩናል። እኔ ያንን መስመር ቤቴ ውስጥ አውቀዋለሁ፤ እህቴ ናት፣ እጇን አጣጥፋ በር በሩን ታያለች።

የሚልካት ደላላ የሰፈራችን ሰው ነው። ክፉ ሰው ቢሆን ይቀለኝ ነበር። እናቴን «አደይ» ብሎ ትከሻዋን ስሞ ይገባል፣ ስለ ጤናዋ ይጠይቃል፣ ስለ እህቴ ጉዞ ሲያወራ ደግሞ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። የሚያቀርበው ነገር ሁሉ በቦታው ነው፤ መቼ እንደሚወጡ፣ ማን እንደሚቀበላት፣ ምን እንደሚከፈላት። የእኔ ትምህርት ቤት በዚያ መጠን የተሟላ የሥራ ዕቅድ አሳይቶኝ አያውቅም። እህቴም «እጄ ሥራ ይፈልጋል፣ ሓወይ። እዚህ ካጣ እዚያ ይሂድ» አለችኝ።

በዚያው ሰሞን መምህራችን በቡድንም በግልም ትንሽ ንግድ ጀምራችሁ ውጤቱን ታቀርባላችሁ አለ። ሌሎቹ የሞባይል ካርድና እንቁላል አሰቡ። እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ አንድ ነገር ሲያብሰለስለኝ አደረ፤ የአሸንዳ ቀሚስ ኪራይ። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ጾመ ፍልሰታ ሲፈታ ልጃገረድ ሁሉ ጥልፍ ለብሳ፣ ጠጉሯን ተሠርታ፣ ወገቧ ላይ ቄጠማውን አስራ በከበሮ ትወጣለች። ለእነዚያ ቀናት ሲባል ቀሚስ ማሰፋት ዘንድሮ ለብዙ ቤት አይቻልም። መግዛት ያልቻለ ይከራያል። ምንም ቀዳዳ የሌለበት ንጹሕ ሐሳብ መሰለኝ። መምህሬ ወረቀቴ ጥግ ላይ «ግሩም» ብሎ ጻፈበት።

እህቴ ስትሰማ ሳቀች። ቢሆንም ከሣጥኖቿ ሥር ያስቀመጠችው ነጭ ጨርቅና የተራረፈ የጥልፍ ክር ነበራት። «በየዓይነቱ ሥሪልኝ» አልኳት፤ «ደንበኛ ምርጫ ይወዳል።» እሷም አሥር ቀሚስ ሠራች፤ አንዱ አንገቱ ላይ አረንጓዴ ጥልፍ፣ አንዱ ደረቱ ላይ ወርቃማ መስቀል፣ አንዱ እጅጌው ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ። አሥሩም ሌላ ሌላ። በሩ ላይ ሰቅለን ቁጭ አልን።

ልጃገረዶቹ መጡ። ዳሰሱ፣ አደነቁ፣ ዋጋ ጠየቁ፣ ዋጋው ርካሽ ነው አሉ፤ ከዚያ ሄዱ። በማግስቱ ሌሎች መጡ፣ እነሱም ዳስሰው ሄዱ። በመጨረሻ አንዷን፣ ደብተር ያቀፈች የኛው ግቢ ተማሪ፣ መንገድ ላይ ተከትዬ ጠየቅኋት።

«ቀሚሱ ምን ችግር አለበት?»

«ቀሚሱ ምንም የለበትም» አለችኝ። «ዋእ! እዚህ ተሰቅሎ ያየው ሰው ሁሉ እኔ ላይ ሲያየው ምን ይላል? ‹እያት፣ ክራይ ለብሳ!› ነው የሚለኝ። አሸንዳ በዓመት አንዴ ናት። ከዚህ ይልቅ አሮጌዬን አጥቤ ብለብስ ይሻለኛል።»

«ደግሞ ማን ያያል?»

«ሁሉም ነዋ፣ ሓወይ። ሊታዩ አይደል የሚወጡት?»

ተከራከርኳት። ገንዘቧን ለሌላ ነገር ብታውለው ምን ያህል እንደምትጠቀም፣ ዓለም ሁሉ ከመግዛት ወደ መከራየት እየሄደ እንደሆነ፣ ይሉኝታ ኢኮኖሚን እንዴት እንደሚያቀጭጭ አብራራሁላት። በጣም በጥሞና አዳመጠችኝና ጥናቴን እግዚአብሔር እንዲባርክልኝ ተመኝታ ሄደች።

ደላላው አንድ ከሰዓት መጥቶ የተሰቀሉትን ቀሚሶች አየ። «ያምራሉ» አለ ከልቡ። ከዚያ ለእህቴ፣ የተጓዦቹ ዝርዝር ሊዘጋ ስለሆነ በአሸንዳ ቀን መጥቶ የመጨረሻ ቃሏን እንደሚወስድ ነገራት። እሷ ራሷን ነቀነቀች። እኔ ቀሚሶቹን አውርጄ ወደ ውስጥ አስገባሁ፤ በዚያ ሰዓት ባያቸው እቀዳድዳቸው ነበር።

ከዓይናለም ጉድጓዶች የሚመጣው ውሃ ለሰፈራችን ተራ የሚደርሰው ስንጠብቀው አይደለም፤ ተስፋ ስንቆርጥ ነው። ያን ሰሞን አንድ ቀን ወደ ማታ «መጣ!» ተባለና ሁለት ጀሪካን ይዤ ቦኖው ጋ ተሰለፍኩ። ፊት ለፊቴ የሰፈሩ ልጃገረዶች ነበሩ፤ ወረፋ እየጠበቁ ባዶ ጀሪካኖቻቸውን እንደ ከበሮ እየመቱ ለአሸንዳ ይለማመዳሉ። አብዛኞቹን አውቃቸዋለሁ፤ ቀሚሶቼን ዳስሰው የሄዱት ናቸው። መሪያቸው ድምፀ ጎርናና ልጅ ነች፣ ሁሉንም የምታዝ። መሐላቸው ግን አንዷ አትመታም፣ አትዘፍንም።

«ዘንድሮ እኔ አልወጣም» አለች ልጅቷ። «እናቴን ቀሚስ ብዬ አላስጨንቃትም።»

መምታታቸውን አቆሙ። መሪዋ ጀሪካኗን መሬት ላይ አስቀመጠች። «አንቺ ካልወጣሽ እኛም አንወጣም» አለች። «ወይ ሁላችንም፣ ወይ ማንም።»

የመምህሬ ጥያቄ እዚያ ወረፋ ላይ ተመለሰልኝ። ደንበኛዬ ልጃገረዷ አይደለችም። አሸንዳ ብቻዋን የምትወጣ ልጅ የለችም፤ አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይዘፍናሉ፣ የሚያፍሩትም አንዷ ከሌሎቹ ስትለይ ነው። እኔ ያንን ሁሉ ጊዜ ደንበኛ እያልኩ አንድ አንድ ሰው ስቆጥር ነበር። ጀሪካኔ ሞልቶ እየፈሰሰ መሆኑን ያወቅሁት ከኋላዬ ያሉት እናቶች ሲጮሁብኝ ነው። ውሃ በጠፋበት አገር ውሃ የሚያፈስ ሰው ምን እንደሚባል የመቐለ እናቶች ያውቃሉ፤ አልጽፈውም።

ይቅርታ ጠይቄ ወደ ልጆቹ ቀረብኩ። «ለአንዳችሁም አላከራይም» አልኳቸው። «ለሁላችሁ ነው የማከራየው፣ በአንድ ላይ፣ አንድ ዓይነት ቀሚስ።»

ተያዩ። መሪዋ ዐይኗን ጠበብ አድርጋ አሰበችና «ሁላችንም ከተከራየን ማን ማንን ያማል?» አለች።

ከዚያ ድርድሩ ተጀመረ። መጽሐፌ ስለ ድርድር ብዙ ምዕራፍ አለው፣ ግን ይህቺን ልጅ አያውቃትም። ቀሚሱ ከኛ በፊት በማንም ላይ አይታይ አለች። በዚህ በዓል ለሌላ ሰፈር አይሰጥ አለች። ክፍያው ከየቤቱ ሳይሆን በዓሉ ሲያልፍ ዘፍነው ከሚያገኙት ላይ ይሁን አለች፤ ስለዚህ ያቺ ዝምተኛዋ ልጅም እናቷን ምንም አትጠይቅም። ሁሉንም እሺ አልኩ። የሚያስፈልጋቸው አሥር ቀሚስ ነበር፤ ያለኝም አሥር ነው። አንድ ችግር ብቻ ቀረ፤ አንዱ ሌላውን አይመስልም።

«በየዓይነቱ ሥሪ ያልከኝ አንተ» አለችኝ እህቴ። «አሁን ደግሞ አንድ ዓይነት አድርጊ የምትለኝ አንተ። ከመሄዴ በፊት ልትገድለኝ ነው።» እንዲህ እያለች ግን ቀሚሶቹን አልጋ ላይ ዘርግታ ማየት ጀምራለች። ጥልፉን መፍታት አይቻልም፤ ጊዜ የለም። ነገር ግን በአሥሩም ላይ ከአንድ ጥቅል የወጣ ደማቅ ጨርቅ ጠርዙ ላይ፣ እጅጌው ላይ ቢዞር፣ መቀነቱም ከዚያው ቢሆን፣ ዐይን መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው አለችኝ። ያ ጥቅል ብቻ አልነበረንም።

ገበያ ውስጥ የወሎ ሰው የሆኑ ሽማግሌ የጨርቅ ነጋዴ አሉ፤ እናቴ በአገሯ ልጅነት ታውቃቸዋለች። መደርደሪያቸው ላይ አንድ ጥቅል ቀይ ጨርቅ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። ሲመጣ ብዙ ይሸጣል ብለው ነበር፤ ዋጋው ሲያሻቅብ ማንም ዞር ብሎ አላየውም። የምከፍለው እንደሌለኝ፣ ግን የምሰጠው እንዳለኝ ነገርኳቸው፤ አሥሩ ልጆች በአሸንዳ የመጀመሪያ ቀን መጥተው ሱቃቸው በር ላይ ይዘፍናሉ፣ ገበያው ሁሉ ቀዩን ጨርቅ ያየዋል።

«ወላሂ እኔ ሙስሊም ሰው ነኝ፣ የኔ ልጅ» አሉ እየሳቁ። «ለኔ አሸንዳ ይዘፍናሉ?»

«የሚዘፍኑት ለጨርቁ ነው፣ አባባ።»

ጥቅሉን አውርደው በመዳፋቸው አቧራውን መቱት። «አብሽር» አሉኝ፤ «የሚበቃህን ቆርጠህ ውሰድ። ካልመጡ ግን ጨርቄን ከላያቸው ላይ ፈትቼ ነው የምወስደው።»

ቀጥሎ የመጡት ቀናት የቤታችን መልካም ቀናት ናቸው። መብራት በየመሐሉ ይጠፋል፤ የእህቴ መኪና ግን በእግር የምትሠራ ናት፣ ሰፈሩ ሁሉ ጸጥ ሲል የእሷ ብቻ ትንጫጫለች። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ጠርዙን በእጅ ትጠልፋለች። እኔ ክር እቆርጣለሁ፣ መርፌ እሰካለሁ፣ ስህተት ስሠራ እሰደባለሁ። ልጆቹ ለልኬታ የሚመጡት አሥሩም በአንድ ጊዜ ነው፤ ሲገቡ ቤቱ ይጠባል። እናቴ አንድ ቀን አየቻቸውና «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» አለች። ለትልቅ ፈተና ያጠናሁት ምዕራፍ በሙሉ በዚህ ውስጥ አለ፤ እኔ ግን ለእናቴ አልነገርኳትም፣ ትኮራብኛለች። እህቴ ስፌቷ መሐል ማንጎራጎር ጀመረች። ጦርነቱ ከተጀመረ ወዲህ ስታንጎራጉር ሰምቻት አላውቅም ነበር። ፓስፖርቱ ከሳጥኑ ላይ ተነስቶ ነበር፤ የት እንዳደረገችው አልጠየቅኋትም። መጠየቅ ፈራሁ።

አሸንዳ ደረሰች። አሥሩ ልጆች ከቤታችን በር ሲወጡ ያየሁትን እንዲህ ነበር ብዬ መናገር ይከብደኛል፤ ግን ደስታ ነበር፣ ሌላ ስም የለውም። ነጩና ቀዩ አንድ ላይ ሲሄድ፣ ወገባቸው ላይ ቄጠማው ሲወዛወዝ፣ ከበሮው ሲመታ፣ መንገዱ ላይ ያለው ሰው ለማየት ቆመ። አንገታቸው ላይ ያለው ጥልፍ በየዓይነቱ መሆኑን አንድም ሰው አላስተዋለም፤ ያስተዋለ ካለም ሆን ተብሎ የተደረገ መስሎት ይሆናል። ዝምተኛዋ ልጅ ከፊት ነበረች፣ ከበሮውን የያዘችው እሷ ናት። ገበያ ሄደው ለሽማግሌው ዘፈኑላቸው፤ ሽማግሌው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ቆመው አዳመጡ፤ ከሰዓት ሳልፍ ያን ቀይ ጨርቅ ሰው እየጠየቀ ነበር።

ሲመለሱ በራችን ላይ ቆሙ። ደላላው በዚያው ሰዓት ነው የመጣው፤ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጫማውን አስጠርጎ፣ የእህቴን ቃል ሊወስድ። ልጆቹ አዩት። አሸንዳ ላይ ልጃገረዶች አንድን ሰው ከከበቡ ነገሩ ያለቀ ነው፤ እጁን ኪሱ ውስጥ ሳይከት አይወጣም። አሥሩም ክብ ሠርተው ዘጉበት። ቁመናውን አወደሱ፣ ሸሚዙን አወደሱ፣ ጫማውን ሲያወድሱማ ጫማውን ዝቅ ብሎ አየው። መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ ትንሽ ገንዘብ አወጣ፤ መሪዋ ተቀብላ፣ ይህ ለእንዲህ ያለ ትልቅ ሰው አይመጥነውም የሚል ግጥም እዚያው ፈጥራ አዜመች። ጨመረ። ክቡ ጠበበ። ላብ ወረደው። ጨመረ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትንቀጠቀጣለች፤ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፣ ስትስቅ ነው።

በመጨረሻ ለቀቁት። ሸሚዙ ከጀርባው ረጥቦ፣ ከልቡ እየሳቀ እህቴ ጋ ደረሰ። ሰው ነው፤ ያን ጊዜ ወደድኩት። «በይ እንግዲህ» አላት፣ «የሚጠብቁሽን ሰዎች ምን ልበላቸው?»

እህቴ ከንፈሯ መሐል መርፌ ይዛ ነበር። ከዚያ በፊት ያላየኋቸው ሁለት ሴቶች ከጎኗ ቆመዋል፤ አንዷ ጥር ላይ ታገባለች፣ ሌላዋ ሚዜዋ ናት። ልጆቹ ገበያ ሲዘፍኑ አይተው ከኋላቸው ተከትለው መጥተዋል። ሚዜ ማለት ደግሞ ያው ነው፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ይለብሳሉ፣ ለአንድ ቀን ይለብሱታል፣ ለዘለዓለም ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። ይህን ለእህቴ አልነገርኳትም፤ ራሷ ደርሳበታለች። መርፌውን ከአፏ አወጣች።

«የሚዜ ቀሚስ እየለካሁ ነው በላቸው» አለች። «ጥር ድረስ አይመቸኝም። ከጥር በኋላም ለፋሲካ የሚለብሱ አሉ» ብላ መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰካች። «እሷ ቀርታለች በላቸው። አልሄድም።»

ልጆቹ የሰሙት አልመሰለኝም ነበር፤ መሪዋ ግን ሰምታለች። ከበሮው እንደገና ተመታ። አሁን የከበቡት እህቴን ነው፤ ልብሱን የሰፋችላቸውን፣ ያልሄደችውን። ሌላውን ጊዜ የሚወደሰው ገንዘብ ያለው ወንድ ነው፤ እህቴ የሜትር ገመድ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ቀይ ክር ቀሚሷ ላይ ተጣብቆ፣ እጇን የት እንደምታደርገው ጠፍቷት መሐላቸው ቆመች። እኔ ወደ ጓዳ ገባሁና አለቀስኩ። ይህን የምናገረው የሥራ ዕቅዴ አካል ስለሆነ ነው።

መምህራችን ፊት ያቀረብኩት ሪፖርት ጥሩ ነበር። አንዳንዶች ገንዘብ አተረፋችሁ ወይ ብለው ጠየቁ፤ እናተርፋለን፣ ገና ነው። እኔ ግን ስለ ኢኮኖሚ የማስበው ከዚያ በኋላ ተለውጧል። ወጣቱ ሥራ አይፈጥርም ሲባል እሰማለሁ። ሥራው አለ፤ ያንን ሥራ የሚፈልገው ሰው ግን ብቻውን ቆሞ አይደለም ያለው፣ ከሰፈሩ ጋር ነው፣ ከሚዜዎቹ ጋር ነው፣ ከማኅበሩ ጋር ነው። አንድ አንዱን ብንጠራው ያፍራል። አንድ ላይ ብንጠራቸው እየዘፈኑ ይመጣሉ።

መስከረም ላይ እህቴ ንግድ ፈቃድ ልታወጣ ወደ ክፍለ ከተማው ሄድን። ጸሐፊዋ ፎቶዋን ተቀበለች፣ የቤቱን ወረቀት አየች፣ ከዚያ መታወቂያ ጠየቀች። የእህቴ መታወቂያ ጊዜው አልፏል። እኔ ነገ እንመለሳለን ልል ስል እህቴ ቦርሳዋን ከፈተች፤ የጠፋብኝ ፓስፖርት እዚያ ነበር። ጸሐፊዋ ተቀብላ ገለበጠችው፤ ገጾቹ በሙሉ ባዶ ናቸው።

«ሰው በዚህ ወደ ውጭ ይሄድበታል እንጂ ንግድ ፈቃድ ያወጣበታል እንዴ?» አለቻት።

«እኔም መጀመሪያ እንደዚያ መስሎኝ ነበር» አለች እህቴ፣ መፈረሚያ እስክሪብቶውን ለመያዝ እጇን ዘርግታ።